የጫጉላው ጆሮ ደግፍ

ባሌን ከሌላው አካሉ አስቀድሜ ያወቅሁት ጉንጩን ነው። በደጋዋ ከተማችን በቱንሃ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የከተማው ባንድ አደባባይ ላይ ሲጫወት፣ ቤሊሳርዮ ከኋላ ረድፍ ቆሞ ክላርኔት ይነፋ ነበር። ሲነፋ ጉንጩ እንደ ዳቦ ሊጥ ይነፋል። የባንዱ መሪ ደግሞ በዜማው መሐል «ጉንጭህን ሰብስብ!» እያለ ይጮኽበታል። እኔና እህቶቼ ከካቴድራሉ ደረጃ ላይ ተቀምጠን በሳቅ እንፈርሳለን። እንግዲህ ያ የሳቅንበት ሰው ነው አንድ ቀን ባርኔጣውን በእጁ ይዞ አባቴን ሊያነጋግር የመጣው።

ሁለት ዓመት ተጫጨን። ተጫጨን ስል ግን ዛሬ እንደሚሉት አይደለም። ሐሙስ ሐሙስ ይመጣል፤ ሳሎን እንቀመጣለን፤ አክስቴ ኤርሲልያ መሐላችን ትቀመጣለች። መቁጠሪያዋን በእጇ ይዛ ነበር፤ የምትቆጥረው ግን እኛን ነው። ስለ ውርጭ እናወራለን። ስለ ድንች ዋጋ እናወራለን። «እናትዎ እንዴት ናቸው?» ይላል። «ደኅና ናቸው፤ የእርስዎስ?» እላለሁ። በእኛ በደጋው አገር ሰው ሁሉ አንቱ ነው፤ ልጁንም፣ እጮኛውንም፣ ጎረቤቴማ ውሻቸውን ሳይቀር «ከበሩ ዞር ይበሉ» ነበር የሚሉት። ስለዚህ ቤሊሳርዮን ሳገባው ስለ እሱ የማውቀው ጉንጩን፣ የእናቱን ጤንነት፣ በአጎቱ ባርኔጣ ሱቅ ውስጥ እንደሚሠራና ቡናውን ያለ ስኳር እንደሚጠጣ ብቻ ነበር።

የተጋባነው ገና ባለፈ በሳምንቱ፣ ጥር ላይ ነው። የሠርጋችን ስጦታ ይሁን ብለው አጎቱ የባሕር ዳርቻ ሽርሽር ሰጡን። ከሁለታችንም ወገን ባሕር ያየ ሰው አልነበረም። እናቴ የመንገድ ስንቅ ስትቋጥርልኝ በሩን ዘጋችና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ መከረችኝ። «ባሕሩ ውስጥ ከወገብሽ በላይ እንዳትገቢ። ሌላውን ባልሽ ይነግርሻል።» ምክሯ ይኸው ነበር።

አውቶቡሱ ከተራራው ቁልቁል ሲወርድ ካፖርታችንን አወለቅን፤ ቆይቶ ሹራቡን፤ ቆይቶ እሱ ከረባቱን። ሙቀቱ እየጨመረ ሲሄድ ቤሊሳርዮ እጁን ከጆሮው ሥር ማንሣት ተወ። የእናቴን የዶሮ ጥብስ ስሰጠው ነክሶ መለሰልኝ።

«ምነው?»

«ጥርሴን ነው መሰለኝ። እርስዎ ይብሉ።»

የባሕር ዳርቻዋ ከተማ ቶሉ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃ ነበር። የያዝነው ማረፊያ ከባሕሩ ፊት ለፊት ያለ ሰማያዊ የእንጨት ቤት ነው። ባለቤቷ ኒኛ ቶማሳ ይባላሉ። በዚያ በቆላው አገር ስልሳ ዓመት ያለፋት ሴት እንኳ «ኒኛ» ናት፣ ልጅት እንደማለት፤ እሳቸውም ስሙ ያንሰናል ሳይሉ በኩራት ይጠሩበታል። ሰፊ፣ ረጅም፣ ጥቁር፣ ሲስቁ ወለሉን የሚያንቀጠቅጡ ሴት ናቸው። እኛን አዩና፣ እኔን በጥቁር ቀሚሴ፣ እሱን ካፖርቱን በክንዱ ይዞ፣ «የማን ቀብር ላይ ነበራችሁ?» አሉ።

«ሙሽሮች ነን» አለ ቤሊሳርዮ፣ መንጋጋውን ይዞ።

«ይቅር ይበላችሁ!» ብለው ሳቁና ሻንጣዬን ነጠቁኝ።

ለእራት የተጠበሰ ዓሣ በኮኮናት ሩዝ ቀረበ። በትልቁ ጠረጴዛ ዙሪያ ሌሎችም እንግዶች ነበሩ። ቤሊሳርዮ ጨዋ ሰው ነውና፣ እንደነሱ ሎሚውን ዓሣው ላይ ጨምቆ አንድ ጉርሻ ወደ አፉ ላከ። ከዚያ የጮኸው ጩኸት! ማንኪያው ወደ አንድ ወገን፣ እሱ ወደ ሌላ ወገን። ሁለት እጁን ጆሮው ሥር ለጥፎ ዕንባው ዱብ ዱብ ይላል። ኒኛ ቶማሳ ከኩሽና ሮጠው መጡና አገጩን በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ መብራቱ አዞሩት። ከግራ ጆሮው በታች ተነፍቷል።

«ጥርስ ነው» አለ።

«ጥርስ! ሎሚ የሚያስለቅስ ምን ዓይነት ጥርስ ነው? ይሄ ጆሮ ደግፍ ነው ልጄ።»

ወዲያው ወንበር ሁሉ ወደ ኋላ ተንሿሿተ።

ጆሮ ደግፍ! የልጆች በሽታ! ከየት እንዳመጣው በኋላ ነው ያሰብነው። በገና ሰሞን፣ ከበዓሉ በፊት ባለው ጸሎት፣ በየምሽቱ የሰፈሩ ልጆች ሲዘምሩ ክላርኔት የሚያጅባቸው እሱ ነበር። ከልጆቹ አንዱ፣ አንገቱን በሻርፕ የተጠቀለለ፣ «አንዴ ልንፋው?» ብሎ ለመነው። ቤሊሳርዮ ደግሞ ልጅ ሲለምነው እምቢ ማለት አያውቅም።

ኒኛ ቶማሳ ወደ እኔ ዞሩ። «አንቺስ ይዞሽ ያውቃል?»

«እኔንጃ። እናቴ ናት የምታውቀው።»

«እናትሽ እዚህ የለችም። እንግዲያው እሱ ከጓሮ ወዳለው ክፍል ይገባል፤ አንቺ ከእኔ ጋር ትተኛለሽ።»

«እኔ ሚስቱ ነኝ» አልኩ፤ ፊቴ ቲማቲም መስሏል።

«ለዚህ ነው እኮ!» አሉ። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ሴቶች ተሳሳቁ። ከመካከላቸው አንዷ፣ ከሜዴዪን ከተማ የመጡ ዶኛ ዴልፊና የሚባሉ ነጋዴ፣ ጠጋ ሳይሉ ከሩቁ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ነገሩኝ። «ልጅ ላይ ሲወጣ ምንም አይደል። ትልቅ ወንድ ላይ ሲወጣ ግን ወደ ታች ይወርዳል የኔ እመቤት። ከተንቀሳቀሰ ይወርዳል። ሚስቱ ከነካችው ይወርዳል።»

«ወደ ታች የት?» አልኩ።

ሴቶቹ በሳቅ አለቁ። እኔ ቀስ ብሎ ነው የገባኝ፤ ሲገባኝም ጠረጴዛው ሥር በገባሁ አልኩ።

እንዲህ ሆኖ ባል አገባሁ ብዬ አገር አቋርጬ ሄጄ ከኒኛ ቶማሳ ጋር ተኛሁ። ሲያንኮራፉ ባሕሩን ያስንቁታል።

በማግሥቱ በሁለቱም ወገን አብጦ አንገቱ ጠፋ። ኒኛ ቶማሳ በኮምጣጤ የተነከረ ጨርቅ አሥረውለት፣ ቋጠሮው አናቱ ላይ እንደ ጥንቸል ጆሮ ቆሟል። እኔ እንዳልገባ ተከልክዬ ስለነበር የማየው በመስኮት ነው። መስኮቱ መስታወት የለውም፤ የእንጨት ርብራብ ብቻ ነው፣ ከውጭ የጓሮው የለውዝ ዛፍ ጥላ ያርፍበታል። በርጩማ ወስጄ እዚያ ተቀመጥኩ። ከአልጋው ላይ ሲያየኝ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

«አይዩኝ» አለ በተዘጋ አፉ።

«ከዚህ በፊትም በባንዱ ውስጥ እንዲሁ ሆነው አይቼዎታለሁ» አልኩት።

ትከሻው ተንቀጠቀጠ። የሚያለቅስ መስሎኝ ደነገጥኩ። ለካ እየሳቀ ነው፤ ሳቁ ያመዋል፤ ሲያመው ያቃስታል፤ ማቃሰቱ መልሶ ያስቀዋል።

መናገር ስለማይችል ማውራቱ የእኔ ፋንታ ሆነ። እኔ ከሰባት ወንድምና እኅቶች አምስተኛዋ ነኝ። ቤታችን ውስጥ ወሬ ከትልቅ ጀምሮ ወደ ታች እየተንቆረቆረ ሲወርድ፣ እኔ ጋ ሲደርስ አልቆ ነበር የሚደርሰው። ሳወራ የሚያዳምጠኝ ሰው ኖሮኝ አያውቅም። አሁን ግን አንድ ሰው ተጋድሞ፣ ጆሮው ታስሮ፣ መሄጃ አጥቶ ያዳምጠኛል! ጠዋት ወደ ባሕሩ ዳር እወርዳለሁ፤ ያየሁትን ሁሉ እየለቀምኩ እመለሳለሁ። መረብ የሚጎትቱት ወንዶች እንዴት እየዘፈኑ እንደሚሰዳደቡ ነገርኩት። ስለ አንድ አህያ ነገርኩት፤ ባለቤቱ ሊያጥበው ወስዶት እስከ አንገቱ ባሕሩ ውስጥ ገብቶ፣ አልወጣም ብሎ፣ ሰፈሩ ሁሉ ወጥቶ ሲለምነው ይውላል። ዶኛ ዴልፊና ጫማቸውን ማዕበል ወስዶባቸው በባላቸው ላይ እንዴት እንደጮኹ ነገርኩት፤ ድምፃቸውን እያስመሰልኩ። ያንን ተሰጥኦ ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

እሱ በጣቱ የአልጋውን እንጨት እየመታ ይመልስልኛል። አንዴ ከመታ አዎ ነው፤ ሁለቴ አይደለም። ደጋግሞ ሲመታ «ሌላ ንገሪኝ» ነው።

ኒኛ ቶማሳ ሾርባ ይዘው ሲያልፉ ቆም ብለው ያዳምጡናል። «እርስዎ፣ እርስዎ፣ እርስዎ!» ይላሉ። «ባልና ሚስት ናችሁ ወይስ ዳኛና ተከሳሽ? እኔ ከሟች ባሌ ጋር አንቱ ብባባል ኖሮ ዘጠኝ ልጅ የት እወልድ ነበር?»

ቤሊሳርዮ ሁለቴ መታ። ምን ማለቱ እንደነበር እሱም በኋላ አላስታውስም አለ።

እብጠቱ ጎደል ሲል አንደበቱ ተፈታ። አቤት፣ ያ ሰው ለካ ወሬ አለው! ባርኔጣ እንደሚጠላ ነገረኝ። «ከልጅነቴ ጀምሮ የሰው ራስ ስለካ ነው የኖርኩት፤ ሰው ሳይ ፊቱን ሳይሆን ቁጥሩን ነው የማየው» አለ። የሚመኘው ሙዚቃ ማስተማር ነው፤ አጎቱን ግን ይፈራል። ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ እኛ ቤት ከመድረሱ በፊት ቀደም ብሎ ይመጣና ቤተ ክርስቲያኑን እየዞረ ለእኔ የሚናገረውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይለማመድ ነበር።

«ምን ዓይነት ዓረፍተ ነገር?»

«በየሳምንቱ የተለየ ነው። በሩ ሲከፈት አክስትዎ ኤርሲልያን አያለሁ፤ ይጠፋብኛል። ከዚያ ስለ ድንች እናገራለሁ።»

«እኔ ደግሞ ድንች የሚወዱ መስሎኝ ነበር!» አልኩት። «አክስቴን እየለመንኩ እኮ ነው በየሐሙሱ የድንች ቂጣ የጋገርኩት።»

«አልወደውም» አለ። «ሁለት ዓመት በላሁት።»

እንዲህ እየሳቅን ሳለ ነው ነገሩ የተገለበጠው። አንድ ጠዋት በርጩማዬን ይዤ ስመጣ ኒኛ ቶማሳ መንገዱን ዘጉብኝ። ትኩሳቱ ተመልሷል። ብርድ ብርድ ብሎት ያንቀጠቅጠዋል፤ እግሩን አጥፎ ተኮራምቷል። ሐኪም ተጠራ። ሐኪሙ ሽማግሌ፣ ባለ ነጭ ጫማ፣ ለስለስ ያሉ ሰው ነበሩ። ውስጥ ቆይተው ሲወጡ እጃቸውን እየታጠቡ ነገሩኝ።

«ወርዷል ልጄ። በአንድ ወገን ነው። ጨርሶ አይነሣ፤ ቀዝቃዛ ጨርቅ ይደረግለት። ብዙ ጊዜ ሕመም ነው እንጂ ሌላ ጉዳት አያመጣም። ልጅ አይከለክልም። አትፍሪ።»

እኔ የሰማሁት «ወርዷል» የሚለውን ብቻ ነው። ቤቱም ሁሉ የሰማው እሱን ብቻ ነው። ዶኛ ዴልፊና ምሳ ሳይደርስ የለውዙ ዛፍ ሥር ከሌላዋ እንግዳ ጋር ቆመው፣ የሹክሹክታቸው ድምፅ ጓሮውን ሁሉ ሞልቶ፣ «ምስኪን ሙሽራ» ይላሉ። «የአጎቴ ልጅ አንዱን እንዲህ ያለ አግብታ፣ ያው፣ ከነ ባዶ እቅፏ አረጀች። አብቦ የማያፈራ ዛፍ ሆና። ይቺ ደግሞ ገና ልጅ ናት!»

መስኮቱ መስታወት የለውም ብያለሁ።

እነሱ ሲሄዱ ወደ ርብራቡ ተጠጋሁ። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ነበር።

«አና ቱልያ» አለ፤ ድምፁ ደርቋል። «እርስዎ ወደ እናትዎ ይመለሱ።»

«ምን?»

«ሌሊት ሕመሙ ሲወርድ ጀምሮ ሳስበው ነበር። ገና ባልና ሚስት አልሆንንም። ቄሱ ለጳጳሱ ይጽፋሉ፤ ጋብቻው እንዳልተደረገ ይቆጠራል። እርስዎ አሥራ ዘጠኝ ዓመትዎ ነው። ልጅ የሚሰጥዎ ሰው ያገኛሉ። እኔ አልቀየምዎትም።»

«ሐኪሙ እኮ...»

«ሐኪሙ የሚሉት ሊያጽናኑ ነው። እባክዎ ይሂዱ። ፊቴን ሳላዞር ይሂዱ።»

ምን እንደያዘኝ አላውቅም። ሐዘን ቢሆን ኖሮ አለቅስ ነበር። ንዴት ነበር። ይህን ሁሉ ቀን ከአህያ እስከ ዶኛ ዴልፊና ያለውን ሁሉ አውርቼለት፣ እሱ እንደ ተሳሳተ ባርኔጣ ሊመልሰኝ ነው! «ደኅና» አልኩ። ገብቼ ሻንጣዬን ዘጋሁ። ኒኛ ቶማሳ ገበያ ነበሩ። ማንም «ወዴት?» ሳይለኝ በጠራራ ፀሐይ ጥቁር ቀሚሴን ለብሼ ወደ አውቶቡሱ ሄድኩ።

አውቶቡሱ ጭነት እየጫነ ነበር። ገብቼ መስኮት ጥግ ተቀመጥኩ። ሻንጣዬን ጭኔ ላይ አድርጌ ለእናቴ የምለውን ማዘጋጀት ጀመርኩ። በዚህ መሐል በሩ ላይ ጭቅጭቅ ተነሣ። አንዲት ቀጭን ሴት የአሳማ ግልገል በሕፃን ብርድ ልብስ ጠቅልላ ልትገባ ስትል ረዳቱ ይዟታል።

«እመቤት፣ ይሄ አሳማ ነው።»

«ልጄ ነው።»

«ጆሮውን እያየሁት!»

«አባቱን ስለመሰለ ነው። አንተን ማንን መስለህ ተፈጠርክ አልንህ እኛ?»

አውቶቡሱ ሙሉ ሳቀ። አሳማው ደግሞ በዚያችው ሰዓት ጮኸ። ሴትዮዋ «እሹሩሩ» እያለች ትወዘውዘዋለች፤ ሾፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። እኔም ሳቅሁ። እየሳቅሁም በልቤ ነገሩን መደርደር ጀመርኩ፤ መጀመሪያ ብርድ ልብሱን፣ ቀጥሎ «ልጄ ነው» ያለችበትን ድምፅ፣ ጩኸቱን መጨረሻ ላይ። ቤሊሳርዮ እዚህ ጋ ሲደርስ ትከሻው ይንቀጠቀጣል ብዬ አሰብኩ። ደጋግሞ እንጨቱን ይመታል።

ከዚያ ሳቄ ቆመ። ለማን ነው የምነግረው? ለእናቴ? ለእህቶቼ? ቱንሃ ውስጥ ይህን ነገር ቁጭ ብሎ እስከ መጨረሻው የሚሰማኝ ማን አለ? የዓለም ሕዝብ ሁሉ ዓይኔ ፊት አለፈና አንድ ሰው ብቻ ቀረ፤ እሱም ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ጓሮ ተኝቷል።

«ወራጅ አለ!» አልኩ።

«ገና አልተነሣንም እኮ እመቤት» አለ ረዳቱ።

ስመለስ ኒኛ ቶማሳ ከገበያ ገብተው ኮሪደሩ ላይ ቆመዋል። ሻንጣዬን አዩ፤ ፊቴን አዩ። «ወዴት?» አሉ።

«ባሌ ጋ።»

«ቢይዝሽስ?»

«ይያዘኝ።»

ጥግ ያዙልኝ። በሩን በእግሬ ገፍቼ ገባሁ። ከመጣን ጀምሮ ያንን ደፍ ስረግጥ የመጀመሪያዬ ነበር። ቤሊሳርዮ ቀና ሊል ሞከረ።

«አትነሣ!» ብዬ ጮኽሁበት። «ተኛ! አንተ ማነህ እኔን የምትመልስ? ሁለት ዓመት ድንች እየጋገርኩ ያገባሁህን አንተ በአንድ ጠዋት ነው የምትፈታኝ? ልጅ ቢመጣ ይመጣል፤ ባይመጣ አልጠራሁትም። እኔ ከልጅ ጋር አልተጋባሁም፤ ከአንተ ጋር ነው የተጋባሁ! አሁን ዝም ብለህ አድምጠኝ፤ አውቶቡሱ ላይ አንድ አሳማ ነበር።»

እንዲህ መጮኼ ትዝ ይለኛል፤ «አንተ» ያልኩት ግን ለራሴም የታወቀኝ ከወጣ በኋላ ነው። ከኋላዬ ኮሪደሩ ላይ ኒኛ ቶማሳ «ጎሽ! በመጨረሻ!» ብለው አንዴ አጨበጨቡና ሄዱ። አልጋው ጫፍ ተቀመጥኩና አሳማውን ነገርኩት። ጩኸቱ ላይ ስደርስ ሆዱን ይዞ «ተይኝ አና ቱልያ፣ አትግደይኝ፣ ያመኛል» አለ። እሱም «አንቺ» አለኝ። እጄን ያዘ። እጁ እሳት ነበር። ሁለት ዓመት ተጫጭተን፣ ተጋብተን፣ የእጁን መዳፍ ልኩን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከዚያ ወዲያ ያስታመምኩት እኔ ነኝ። ጨርቁን በውኃ እየነከርኩ፣ ሾርባውን በማንኪያ እየሰጠሁ። ዶኛ ዴልፊና ጓዛቸውን ጠቅልለው ሌላ ማረፊያ ገቡ፤ ኒኛ ቶማሳም «መንገዱን ጨርቅ ያድርግላቸው፤ ዓሣዬም ዕረፍት ያግኝ» አሉ። እኔን በሽታው አልያዘኝም። ቱንሃ ስንመለስ ለእናቴ ስነግራት «አንቺን? አንቺን እኮ ገና ዳዴ ሳትዪ ይዞሻል። ከወንድምሽ ጋር እንደ ሁለት ዱባ ሆናችሁ ነበር» ብላ ሳቀችብኝ። ለካ ያን ሁሉ ቀን በመስኮት የተጠበቅሁት በከንቱ ነው። ከንቱ ማለት ግን አይሆንልኝም። በሩ ከመጀመሪያው ተከፍቶልኝ ቢሆን ያን ያህል ባወራሁ ወይ ብዬ እጠይቃለሁ።

ትኩሳቱ ለቀቀውና አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሐኪሙ «ቀስ ብሎ ይራመድ» አሉ። ክንዴን ይዞ ቤቱን አቋርጠን ወደ ፊት ለፊት ወጣን። ከደረስን ጀምሮ የባሕሩን ድምፅ ሰማ እንጂ መልኩን አላየም፤ የመጣን ዕለትም ሕመሙ ዓይኑን ጋርዶት ነበር። አሸዋው ላይ ቆመ። ሱሪውን አጥፌለት እስከ ቁርጭምጭሚቱ ገባ። ብዙ ቆየ። ፔሊካን የሚባሉት የባሕር ወፎች ውኃውን እየነኩ ያልፋሉ።

«እንዴት ነው?» አልኩት በመጨረሻ።

«አንቺ እንደነገርሽኝ አይደለም» አለ።

«እንዴት?»

«አህያው የለም።»

ገፋ አደረግሁት። ተንገዳግዶ ውኃው ውስጥ ተቀመጠ፤ እኔንም ጎተተኝ። እንዲያ ጥቁር ቀሚሴን እንደለበስኩ፣ ከወገብ በላይ ሆነ ከወገብ በታች ማን አየው፣ ፀሐይ እስክትገባ ውኃው ውስጥ ተቀምጠን ቆየን። መንጋጋው ስር ገና ትንሽ እብጠት ነበረው። ያ ቀን ፎቶግራፍ የለውም። አንድ ፎቶግራፍ አንሺ በየማለዳው በባሕሩ ዳር ያልፍ ነበር፤ እኛ ግን አንዴም አልደረስንበትም።

ኒኛ ቶማሳን ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። ለጥቂት ዓመታት በገና ሰላምታ ተላላክን፤ ቆይቶ መልስ መምጣቱ ቀረ። ልጄ ባለፈው ዓመት በዚያ በኩል ሲያልፍ ሄዶ አይቶልኝ ነበር፤ ባለብዙ ፎቅ ሆቴል ቆሟል አለኝ፤ የለውዝ ዛፍ የለም። ልጆች ወልደናል፤ ሦስት። የመጀመሪያዋ የመጣችው ተጋብተን በአራተኛው ዓመት ነው። እስከዚያ ቱንሃ ያላለችው የለም፤ አክስቴ ኤርሲልያ እንኳ ሆዴን እያየች በረጅሙ ትተነፍስ ነበር። ቤሊሳርዮ በእነዚያ ዓመታት አንዳንድ ማታ ዝም ሲል የሚያስበው ይገባኛል፤ ያን ጊዜ የገበያውን ወሬ እጀምርለታለሁ። ከባርኔጣ ሱቁም ወጣ። አጎቱ ስድስት ወር አኮረፉት። የትምህርት ቤት ሙዚቃ መምህር ሆኖ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ልጆችን «ጉንጭህን ሰብስብ!» ሲል ኖረ። ልቡ አሞት የሞተው እዚሁ አልጋችን ላይ ነው፤ አምስት ዓመት ሊሆነው ነው። ሰው ሊያጽናናኝ ሲመጣ «ረጅም ዘመን አብራችሁ ኖራችሁ» ይለኛል። እውነት ነው። አሁንም ግን ገበያ ሄጄ የሚያስቅ ነገር ሳይ መደርደር እጀምራለሁ።

ብዙ ጊዜ የሚመጣብኝ ደግሞ የመልስ ጉዞው ነው። አውቶቡሱ ተራራውን ሲወጣ ሙቀቱ እየቀለለ፣ መስኮቱ ጉም እየለበሰ መጣ። ያወለቅነውን በተራ ለበስን፤ መጀመሪያ ሹራቡን፣ ከዚያ ካፖርቱን። ከፍ ካለው መተላለፊያ ላይ ቆመን ትኩስ የስኳር አገዳ ውኃ ከአይብ ጋር ገዛን፤ እሱ አይቡን ሳያመው አኘከው፤ ማኘኩን ራሱ እንደ ድል ዞር ብሎ አሳየኝ። ስንነሣ ከጭነቱ መሐል አውጥተን የለበስነው ብርድ ልብስ ለሁለታችን ይበቃ ነበር። ወዲያው እንቅልፍ ወሰደውና ራሱ ትከሻዬ ላይ ወደቀ። ከበሽታው ገና አልጠነከረም፤ አፉን ከፍቶ ነበር የሚተኛው። ክንዴ ደነዘዘ። ማሳው በውርጭ ነጥቶ፣ ሰዎች ካባቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው በመንገዱ ዳር ሲያልፉ አያለሁ። ቱንሃ እስክንገባ ክንዴን አላንቀሳቀስኩም።